ለሦስት ሰው የተያዘ ክፍል

ቅዳሜ ከሰዓት ስንዱ ከሥራ ተመልሳ፣ እርጥብ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ሻይ ጣደችና ካርታውን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስድስት ዓመት የሠራች የደሴ ሴት ናት፤ አንሶላ ስታጥፍ ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመላት ፈትታ እንደገና ታጥፈዋለች፣ ጉዞ ስታቅድም እንደዚያው ናት። ዝናቡ በመስኮቱ መስታወት ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ የክፍሉ ማሞቂያ አልፎ አልፎ ቀጭ ይላል፣ እሷ በእርሳስ ትጽፋለች። በካርታው ላይ አንድ ጣት የማይሞላው መንገድ እዚያ አገር ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ባሕሩ በተራሮቹ መካከል እንደ ጠባብ ክንድ ወደ ውስጥ እየዘለቀ መንገዱን ስለሚቆርጠው፣ ፊዮርድ የሚሉትን ያን ጥቁር ውሃ ወይ ዞረው ያልፉታል፣ ወይ መኪና በሚጭን ጀልባ ይሻገሩታል፣ ካልሆነም በተራራው ሆድ ውስጥ በተፈለፈለ ረጅም ዋሻ ይገቡበታል። ባሏ በቀን ከአራት ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ወሰነች። የጀልባዎቹን መነሻ፣ የዋሻዎቹን ርዝመት፣ ከተራራው በፊት ያለውን የመጨረሻ ነዳጅ ማደያ ጻፈች። ዓርብ ሄደው እሑድ ይመለሳሉ።

ሐሳቡ የባሏ የአስራደ ነበር። አስራደ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ «ሦስት ቀን ብቻ፣ እኔና አንቺ፣ ተራራውን አይተን እንመለስ» እያለ ሁለት ወር ሙሉ ሲለምናት ቆይቶ ነው እሺ ያለችው። ለምን እንደሚለምናት ሁለቱም ያውቃሉ። ከሦስት ዓመት በፊት እናቷ ደሴ ላይ ሲያርፉ ስልኩ የተደወለው ለእሱ ነበር፤ እሱም የኖርዌይኛ ፈተናዋ እስኪያልፍ ብሎ መርዶውን አርባ አንድ ቀን ደበቃት። አርባ አንድ ቀን ከፊቷ ተቀምጦ በላ፣ ሳቀ፣ «እማማ ደህና ናቸው፣ ኔትወርኩ ነው እምቢ ያለው» አላት። ስታውቅ አርባቸው ወጥቶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ አልቃሹ ሁሉ ወደየቤቱ ተመልሶ ነበር። ፈተናውን አልፋለች፤ የምስክር ወረቀቱን ግን አንድም ቀን ከፖስታው አላወጣችውም። ከዚያ ወዲህ ለባሏ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ስትመልስለት ግን ጥርሷን ነክሳ ነው።

ሻይዋን ቀድታ የመጀመሪያዋ ሌሊት ማደሪያ ወደሆነው የእንግዳ ማረፊያ ደወለች። ማረፊያው በፊዮርዱ ጫፍ ባለች ትንሽ መንደር ውስጥ ነው፤ ስልኩን ያነሱት የማረፊያው ባለቤት የሆኑ አንዲት አሮጊት ናቸው።

«ለዓርብ አንድ ክፍል፣ ለሁለት ሰው፣ በአስራደ ስም» አለች ስንዱ በኖርዌይኛ።

ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ። «በአስራደ ስም ተይዟል፣ ለሦስት ሰው» አሉ አሮጊቷ።

«ማን ያዘው?»

«ሴት ናት። አነጋገሯ እንደ አንቺው ነው፣ የአገርሽ ሰው ሳትሆን አትቀርም።»

ስንዱ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ለሁለት ሰው ብለው እንዲያርሙት ጠየቀችና አመስግና ዘጋች። ሻዩ በረደ።

አስራደ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ «ማናት?» አለችው።

«ማን?»

«ሦስተኛዋ። ክፍል የያዘችልን።»

ነገሩ እስኪገባው ብዙ ፈጀ፤ ሲገባው ደግሞ ሳቀ፣ ሳቁንም ፊቷን አይቶ ዋጠው። «እናቴ ትሙት ስንዱዬ፣ ለማንም አልተናገርኩም።»

«የእናት ሞትማ ላንተ ምንህ ነው» አለችው።

አስራደ ኮቱን አወለቀ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ካርታውን አየ።

ሰኞ ዕለት የሁለተኛው ማረፊያ ማረጋገጫ በኢሜይል መጣ፤ ለሦስት ሰው ይላል። የጀልባው ቲኬት መጣ፤ ሦስት ሰው፣ አንድ መኪና። እያንዳንዳቸው ጋ ደውላ አሳረመች፣ ሰዎቹም ትሁቶች ናቸው፣ ይቅርታ ጠይቀው አረሙ፣ በማግሥቱ የታረመው ወረቀት ሲደርሳት እንደገና ሦስት ይላል። ረቡዕ አስራደ ገላውን ሲታጠብ ስልኩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ የሾፌሮች ስም፣ የዕቁብ መልእክት፣ የታላቅ ወንድሙ የሠርግ ፎቶ። ምንም አለማግኘቷ ይበልጥ አበገናት። መደበቅ የሚችልበት ሰው ነው። አርባ አንድ ቀን መርዶ የደበቀ፣ አንዲት ሴት መደበቅ ያቅተዋል?

«እቀራለሁ ብዬ እንድተውልህ ከሆነ አልቀርም» አለችው ሐሙስ፣ ሻንጣ ስታዘጋጅ። «መጥታ በዓይኔ ትየኝ።»

ዓርብ ጠዋት በተከራዩት መኪና ተነሱ። ዝናቡ ደቃቅ ነበር፤ ስንዱ ሰናፍጭ ቀለም ያለውን የዝናብ ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋ ፊት ወንበር ተቀመጠች። ከተማውን ሳይጨርሱ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የደህንነት ቀበቶ አላሰረም የሚል ምልክት ነው። አስራደ ዳር ያዘና የኋላ ወንበር ላይ የነበረውን የምግብ ዘንቢል ወደ ዕቃ መጫኛው አዞረ። ወንበሩ ባዶ ሆነ። መብራቱ አልጠፋም። «የኪራይ መኪና» አለና ነዳ።

ሽታው ከመጀመሪያው ጀልባ በፊት ጀመረ። ስንዱ ሽታውን ታውቀዋለች፤ በሥራ ቦታዋ አንዳንድ ሰኞ ማሽን ውስጥ ተረስቶ ቅዳሜና እሑድን የከረመ እርጥብ ልብስ ሲከፈት የሚወጣው ነው፣ ጎምዛዛና ለብ ያለ፣ እስትንፋስ ያለው የሚመስል። መስኮት ከፈተች፤ ብርዱ ገባ፣ ሽታው አልወጣም። ከዚያ ተራራው ከፊታቸው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ከሥሩም የመጀመሪያው ረጅም ዋሻ አፍ፣ በደብተሯ ላይ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ብላ የጻፈችው። ሲገቡ ሬዲዮው ተንሿሽቶ ጠፋ፤ የዝናቡ ድምፅ እንደ ክር ተበጠሰ። የቀረው የጎማው ጉርምርምታ፣ ከድንጋዩ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ተራርቀው የተሰቀሉ ደብዛዛ ብርቱካንማ መብራቶች ብቻ ነበር፤ በአንዱ መብራትና በሌላው መካከል ባለው ጨለማ የባሏ ፊት ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል።

«እሺ፣ ፍጥነቱን እቀንሳለሁ» አለ አስራደ።

ስንዱ ዞር አለች። አልተናገረችም ነበር።

ጥቂት ነዳና ፈገግ አለ። «እውነትሽን ነው» አለ ቀስ ብሎ፣ ጆሮው ሥር ሰው እንዳንሾካሾከለት አንገቱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ። «ያኔ ኑሯችን ጠባብ ነበር፣ ግን ደስ ይል ነበር።»

«ከማን ጋ ነው የምታወራው?»

«ካንቺ ጋ ነዋ።»

«እኔ አፌንም አልከፈትኩም፣ አስራደ።»

ፈገግታው ከፊቱ ወረደ። ከዋሻው እስኪወጡ ፊት ፊቱን እያየ ነዳ።

ጀልባው ላይ ቲኬት የሚያየው ሰው በመስኮቱ አጎንብሶ፣ በጣቱ ፊት ሁለት፣ ኋላ አንድ ቆጥሮ፣ «ሦስት፣ መልካም ጉዞ» ብሎ ወደሚቀጥለው መኪና አለፈ። ስንዱ የኋላውን ወንበር ዞራ አየች። ጨርቁ ሰው ተነሥቶ እንደሄደ ሁሉ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ብሏል። በሩን በርግዳ ወጣችና የብረቱን ደረጃ ወደ ላይኛው ወለል ወጣች፤ የገፋት ከፍርሃት ይልቅ ንዴት ነበር። ሞተሩ ከእግሯ ሥር ይንዘፈዘፋል፣ ጥቁሩ ውሃ በሁለት ገደሎች መካከል ድምፅ ሳያሰማ ይሰነጠቃል፣ ከገደሎቹም አናት ቀጫጭን ፏፏቴዎች እንደ ነጭ ክር ተንጠልጥለዋል። ዓለም ሁሉ ሊያየው የሚመኘውን ይህን አገር እያየች ምንም አልታያትም።

ከወለሉ መከለያ ብረት በላይ አንገቷን አስግጋ ወደ መኪኖቹ ቁልቁል ተመለከተች። መኪናቸው ሦስተኛዋ ናት። ዝናብ በተንጠባጠበበት የፊት መስታወት በኩል አስራደ መሪው ላይ ተደግፎ ሲስቅ ታየ፤ ሆዱን ይዞ፣ ለሦስት ዓመት አይታው በማታውቀው አሳሳቅ። ከጎኑ፣ በእሷ ወንበር፣ ሰናፍጭ ቀለም ያለው እጅጌ ብቅ ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። በሩን ስትከፍት ወንበሩ ባዶ ነበር። ስትቀመጥበት ግን ገና ይሞቅ ነበር፤ ጨርቁም ርሶ ነበር።

«ምነው ተመለስሽ?» አለ አስራደ፣ ዓይኑ ገና በሳቅ እንባ እንደረጠበ። «አሁን አይደል አየር ልቀበል ብለሽ የወጣሽው?»

«ማን ነበረች እዚህ?»

«ስንዱ፣ ተይ እንግዲህ። አሁን ታርቀን?»

«ማን ታረቀ?»

እጇን ሊይዝ ሞከረ። «ይቅር ብዬሃለሁ አልሽኝ እኮ። ስለ እማማም ... ለእኔ ብለህ ነው፣ ገብቶኛል አልሽኝ። እንዲህ ብለሽኝ መልሰሽ አትንሺኝ።»

ስንዱ እጇን ነጠቀችው። ሦስት ዓመት ሙሉ በልቧ ዘግታ ያቆየችውን፣ ለመስጠት ያልፈቀደችውን ነገር፣ አንድ ሌላ ሰው በእሷ አፍ፣ በእሷ ወንበር ተቀምጦ አሳልፎ ሰጥቶባታል። ጀልባው ወደብ ሲደርስ፣ መኪናው ወደ ተራራው ሲወጣ፣ መንገዱ ጠቦ በገደልና በውሃ መካከል አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ነበር። ጉም ከላይ መውረድ ጀመረ። ጎብኚዎች ቆመው ፊዮርዱን የሚያዩበት ጠፍጣፋ ቦታ ሲደርሱ «አቁም» አለችው።

አቆመ። ወርዳ እስከ መከለያው ብረት ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። ከታች ምንም አይታይም፤ ጉሙ ውሃውንም መንደሩንም ውጦታል፣ የበግ ቃጭል ብቻ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይንኳኳል። ተመልሳ የምትለውን ቃል በቃል ደረደረችው፤ አርባ አንዱን ቀን አንድ በአንድ ልትቆጥርለት፣ የትኛውን ቀን ምን እንደበላ፣ የትኛውን ቀን ምን ብሎ እንደሳቀ። ከኋላዋ የመኪና በር ተከፍቶ ተዘጋ። ወረደ፣ ሊለማመጠኝ ነው ብላ ጠበቀች። ኮቴ አልመጣም። ሞተሩ ተነሣ።

ስትዞር መኪናው ወደ ጥምዝምዙ እየገባ ነበር። በኋላው መስታወት ሁለት ጭንቅላት አየች፣ ተጠጋግተው። የመኪናው የኋላ መብራት ጉሙ ውስጥ ደብዝዞ ጠፋ።

ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋ መኪናው ውስጥ ነበር። መንደሩ ቁልቁል ሦስት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ከደብተሯ ታስታውሳለች። ተራመደች። ዝናቡ በአንገቷ ገብቶ በጀርባዋ ወረደ፣ ጫማዋ ውሃ ቋጥሮ በየእርምጃዋ ይንቦጫረቃል፤ ግን ንዴቷ እንደ ፍም አሞቃት፣ እየሮጠች ልትወርድ ምንም አልቀራት። ከእንግዲህ ዝም አልልም አለች። ሴትዮዋንም፣ እሱንም፣ በአንድ ቦታ አገኛቸዋለሁ።

ማረፊያው ስትደርስ አሥር ሰዓት ገና አልሞላም፤ ነጭ ቀለም የተቀባ የእንጨት ቤት ነው፣ መኪናቸው ደጁ ላይ ቆሟል። አሮጊቷ ባለቤት ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው አዩዋት።

«የአስራደ ክፍል የቱ ነው?» አለች ስንዱ።

«ባልና ሚስቱ ፎቅ ናቸው፣ በስተቀኝ መጨረሻ።»

«ሚስቱ እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ መዝገባቸውን ዘጉ። አንገታቸውን በሐዘኔታ ዘንበል አድርገው ተመለከቷት፤ ስንዱ ራሷ በመጦሪያው ውስጥ ስማቸውን የረሱትን ሴቶች የምታይበት አስተያየት ነበር። ደረጃውን ወጣች። ያ ጎምዛዛ የእርጥብ ልብስ ሽታ ኮሪደሩን ሞላው፤ ከክፍሉ የሚወጣ መስሏት አፍንጫዋን ለመሸፈን እጅጌዋን አነሣች፣ ሽታው የበረታው ከእጅጌዋ ነበር።

በሩን በጡጫዋ መታችው። ከውስጥ ሳቅ ተቋረጠ፣ እርምጃ መጣ፣ በሩ ተከፈተ። አስራደ በካልሲ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቆሟል። ፊቱ ላይ እፍረት ፈለገች፤ ድንጋጤም ፈለገች። አንዱም አልነበረም። ከእግር እስከ ራሷ አያት፣ ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

«ሀበሻ ነዎት እንዴ?» አለ። «እዚህ ድረስ የአገር ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። ዝናቡ እንዴት አድርጎ ነው የመታዎት!»

«አስራደ» አለች።

«ስሜን ማን ነገረዎት?» አለ፣ በትሕትና ግራ ተጋብቶ።

ስንዱ አፏን ከፈተች፤ በመንገዱ ሁሉ የደረደረችው ቃል አንዱም አልመጣላትም። ከክፍሉ ውስጥ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ የራሷ ድምፅ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአፏ ወጥቶ በማያውቅ ልስላሴ፣ «ምነው በር ላይ አቆምካቸው፤ ይግቡ በላቸው እንጂ» አለ።