ካፖርቷን የተገፈፈችው ኮከብ

ሬሳውን ያገኘችው ጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ጠዋት ገና የምርምር ተቋሙን በር ስትከፍት። ወጣቷ የከዋክብት ተመራማሪ ከቴሌስኮፑ ክፍል የብረት ደረጃ ስር አንገቷ ተቆልምሞ ተጋድማለች።

ምርመራው ለ«መርፌ» ተሰጠ። መርማሪዋን እንደዚያ ያሏት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ቀጭን ናት፣ ከገባች ደግሞ ሳትወጋ አትወጣም።

መርፌ ደረጃውን ወጥታ የሟችን ጠረጴዛ አየች። ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው፤ ስክሪኑ ግን ጠፍቷል።

«ይሄን ማን ነካው?»

«ኧረ ማንም! እኔ እንደሆንኩ መጥረጊያዬን ወርውሬ ነው የሮጥኩት» አለች ጽዳቷ።

መርፌ የስክሪኑን ማብሪያ ጓንት ባጠለቀ ጣቷ ስትጫነው ወጣ ገባ የሚል መስመር ብቅ አለ። ምኑም አልገባትም። በዚያው ጠዋት ከውጭ አገር በአውሮፕላን የገባውን የተቋሙን ኃላፊ ጠርታ አስነበበችውና፣ «ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ!» አለችው።

ቀጥሎ የሟች ባል ገባ፤ የተቋሙ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ተጣልተናል። ያገባሽው እኔን ነው ወይስ ኮከቧን? አልኳት። ሰው በሰው ይቀናል፣ እኔ በፈነዳች ኮከብ ቀናሁ! ይሄ ያስቃል?»

«እኔ አልሳቅኩም። ከዚያስ?»

«እገልሻለሁ አልኳት። ግቢው ሁሉ ሰምቷል። አፌ ነው እንጂ እጄ አይደለም፣ በእናትሽ!»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ተያዩ። ለእነሱ ነገሩ አልቋል፤ ካቴናው ብቻ ነው የቀረው።

የሟች ታላቅ እህት ጥቁር ሻርፕ ጣል አድርጋ መጣች። እሷም እዚያው ተመራማሪ ናት።

«ትናንት እዚህ ነበሩ?»

«ከምሳ በኋላ ራሴን አሞኝ ቤቴ ተኛሁ።»

«ስለዚህች ኮከብ እስቲ ያስረዱኝ፤ እኔ በዚህ ነገር ማይም ነኝ።»

«ኮከብ ስትፈነዳ የምንለያት በልብሷ ነው። ሃይድሮጅን የላይኛው ካፖርቷ ነው። በብርሃኗ ውስጥ እሱ ከታየ ዓይነት ሁለት እንላታለን። ከመፈንዳቷ በፊት ካፖርቷ ተገፍፎ ከስር ያለው ሂሊየም ብቻ ከታየ ደግሞ አንድ-ለ ናት።»

«ይቺኛዋን ማን ለየ?»

«እኔ!» ቀና አለች። «ዓይነት ሁለት ብዬ ያሳወቅኩት እኔ ነኝ። እሷን ማንበብ ያስተማርኳት እኔ፣ እዚህ ያስገባኋት እኔ። ኋላ ግን ሁሉም ታናሽየዋ፣ ታናሽየዋ! ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ... ነፍሷን ይማር ብቻ።»

ከሰዓት በኋላ መርፌ ሁሉንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የደረጃው መደገፊያ እስከ ደረት ይደርሳል፤ ሰው ካልገፋት አትወድቅም። የገፋት ሰው ደግሞ ከመሄዱ በፊት ስክሪኑን አጠፋ። ለምን? እዚያ ላይ ያየው ነገር ዓይኑን ስለወጋው። ሹፌሩን እንዳልጠረጥር፣ ለሱ ግራፍና ዳገት አንድ ነው።»

«እውነቷን ነው» አለ ሹፌሩ።

«ሟች ትናንት ማታ የኮከቧን ብርሃን አዲስ ግራፍ አንስታ ነበር። ያገኘችው ምን መሰላችሁ? ኮከቧ ሃይድሮጅን ጭራሽ ኖሯት አያውቅም። ታላቅ እህቷ ያየችው የመሣሪያ ስህተት ነው።»

«ውሸት!» ታላቅየዋ ወንበሯን ገፍታ ብድግ አለች። «የትናንቱም ላይ እኮ አለ! ሂሊየሙ ገኖ ቢወጣም ሃይድሮጅኑ ቀኝ ጫፉ ላይ እንደ ብጉር ትንሽዬ ሆኖ ይታያል! እኔ አልተሳሳትኩም!»

ፖሊሶቹ ወደ እሷ ዞሩ።

«አዎ፣ እንደ ብጉር ነው» አለች መርፌ በዝግታ። «ግን ያ ግራፍ ያለው እላይ፣ በሟች ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ከሟች ሌላ ያየነው እኔና ኃላፊው ነን። እርስዎ ቤትዎ ተኝተው በየት በኩል አዩት?»

ሻርፑ ወለል ላይ ወደቀ።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺም እህትሽም ልክ ነበራችሁ። ካፖርቷ ስስ የነበረ ኮከብ ናት፤ መጀመሪያ ይታያል፣ ከዚያ እያለቀ ሂሊየሙ ይወጣል። ሁለት-ለ ነው የምንላት። ትናንት ማታ አውሮፕላን ልሳፈር ስል ደውላልኝ ነበር። ‹ነገ አንድ ነገር አሳይዎታለሁ፤ ብቻ ጽሑፉን ስናወጣው የእህቴ ስም ይቅደም። ካፖርቷን ያየችው እሷ ናት፣ እኔ የደረስኩት ሲያልቅ ነው› አለችኝ።»

ታላቅየዋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ታዲያ ለምን ለኔ አልነገረችኝም?»

ሹፌሩ ቀና ብሎ አያት።

«ጊዜ ሰጥተሻት ነው?»