ሳሙና ያልነካው ድንጋይ

በመስታወት ሣጥኑ ውስጥ የነበሩት ዓሦች ሁሉ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው የተገኙት ሐሙስ ጠዋት ነው። እማይ ወርቅነሽ የተኙ መስሏቸው «ቀስ በሉ፣ አትቀስቅሷቸው» ብለው ነበር። የልጅ ልጃቸው ሚሚ ግን መስታወቱን አንዴ አየችና ወደ ጓዳ ገብታ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ወርቅነሽን ያራዳቸው የዓሦቹ ሞት አልነበረም። የዚያ ሻንጣ ጎማ በሲሚንቶው ላይ ሲንኳኳ መስማታቸው ነው።

ሚሚ ዓረብ አገር፣ ሻርጃ፣ በአሠሪዎቿ ቤት አኳሪየም፣ የዓሣ መስታወት፣ ስትንከባከብ ኖራ፣ ያንኑ ሙያ ይዤ ደብረ ታቦር እቀመጣለሁ ብላ ነበር የመጣችው። ጠጠሩን ደጋግማ አጥባ አነጠፈች። ከይፋግ፣ ከርብ ወንዝ፣ የውሃ ሣር አስመጥታ ሥሩን በጠጠሩ ውስጥ ተከለች። ከጉና ተራራ የወረደ አረንጓዴ ልጋግ የለበሰ ጥቁር ድንጋይ መካከሉ ላይ አኖረች። የቧንቧውን ውሃ በበርሜል አሳድራ ሞላችና፣ ዓሣ ሳታስገባ ለሳምንታት ጠበቀች፤ ውሃው ራሱን ይልመድ ብላ። ለቤቱ ሰው የነገረችው ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ «ሳሙና እንዳይነካው።»

ባለሆቴሉ አቶ ፋንታው ዛሬ መጥተው ያያሉ። ከወደዱት የሆቴላቸውን ትልቁን አኳሪየም የምታዘጋጀው እሷ ትሆናለች፤ ትቀራለች። ካልሆነ ነገ ዓርብ ወደ ሻርጃ የሚመልሳት ደላላ ይጠብቃታል።

«ሰው ነው የገደላቸው» አለች ሚሚ ልብሷን እያጠፈች። «እዚህ ቤት እንድቀር የማይፈልግ አለ።»

ወርቅነሽ ነጠላቸውን እንደ ነገሩ ጣል አድርገው ወደ ጎረቤት ሮጡ። ጎረቤታቸው ጥሩወርቅ ጡረታ የወጣች የፖሊስ መርማሪ ናት።

«ድረሺልኝ ልጄ። የዓሦቹን ገዳይ ካገኘሽልኝ ሚሚ አትሄድም።»

ጥሩወርቅ አልሳቀችም። መጥታ መስታወቱ ፊት በርከክ አለች። ሣሩ ለምልሟል። ከሣሩ ጋር ከርብ የመጡት ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ግን ታች ጠጠሩ ላይ ረግፈዋል። የአየር ፓምፑ በሚነፋበት ጥግ አረፋ ተጠራቅሟል። በጣቷ ነክታ አሸተተችው። አጠገቡ ባለው ባልዲ ውስጥ አንዲት ሆዷ የተነፋ ዓሣ ትዋኛለች።

«ይህችስ?»

«እርጉዝ ናት» አለች ሚሚ። «ትናንት ነው የለየኋት። ውሃው ያው የበርሜሉ ነው።»

ጥሩወርቅ መጀመሪያ የጠየቀችው ባጃጅ ነጂውን የሚሚን የአክስት ልጅ፣ ሰውነትን ነው።

«ትናንት ማታ የዓሦቹን ውሃ ማሞቂያ ነቅለህ ነበር አሉ።»

«ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ብዬ ነው። ዓሣ ኮረንቲ እየሞቀ እኔ በጨለማ ልቀመጥ?»

«ጠብሼ እበላቸዋለሁም ብለሃል።»

«እነዚህን? ሁሉም ተደምረው ጉርሻ አይሞሉ።»

ወርቅነሽ ጣልቃ ገቡ። «አፉ ነው እንጂ ሆዱ ባዶ ነው፤ ልጄን ተይልኝ።»

ቀጥላ ተከራይዋን አዛለችን ጠራቻት።

«ትናንት ፍሊት ነፍተሽ ነበር?»

«ለበረሮ ነው እታለም። ግን ከፍሊቴ ይልቅ ዓይኔን ነው የሚያሙት። ሲያምሩ አልኩ፤ በቃ፣ በላቻቸው ተባልሁ።»

ወርቅነሽ መሬት መሬት አዩ። ያሙት እሳቸው ነበሩ።

«እማይ፣ አንቱስ መስታወቱን ነክተውታል?»

«ሳሙና የሚባል ነገር እዚያ ክፍል ደጃፍ አላደረስሁም፤ ማርያም ምስክሬ ናት።»

ጥሩወርቅ ከመስታወቱ ፊት ተነሣች። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች። ሽቦው ላይ የወርቅነሽ ጋቢ ነጥቶ ተሰጥቷል። ከሥሩ ያለው ሳፋ ጠርዝ ላይ አንዳች አረንጓዴ ነገር ደርቆ ተለጥፏል።

አቶ ፋንታው መጥተው፣ ከበሩ ላይ አይተው፣ «በሉ ይቅርብን» ብለው ሄዱ። ወርቅነሽ ግን ዓይናቸው ከጥሩወርቅ አልተነቀለም። ገዳዩ ብቻ ይገኝ።

ጥሩወርቅ ሁሉንም መስታወቱ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ብርድ አይደለም» አለች። «ያቺ እርጉዝ ያለ ማሞቂያ አድራ ደህና ናት። ውሃውም አይደለም፤ የሁለቱም ከአንድ በርሜል ነው። ፍሊትም አይደለም፤ መስኮቱ ላይ ዝንቡ እንደ ልቡ ነው።»

ሰውነትና አዛለች ተነፈሱ።

«ይልቅ ቀንድ አውጣዎቹን እዩ። ከዓሦቹ ጋር ሞተዋል፤ ሣሩ ግን ምንም አልሆነ። አረፋ አለ፤ የሳሙና ሽታ የለውም። እኔ የይፋግ ልጅ ነኝ። ሴቶች ወንዝ ላይ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣ ሞቶ፣ ዓሣ ሰክሮ ሲንሳፈፍ እያየሁ ነው ያደግሁ። ያኔ በቤታችን ሳሙና አልነበረም።»

«እንዶድ» አለች አዛለች ቀስ ብላ።

«እንዶድ። አሁን ድንጋዩን እዩት። ከጉና ሲመጣ አረንጓዴ ልጋግ ለብሶ ነበር፤ ዛሬ ፊቱ ታጥቧል። ልጋጉ ጓሮ ያለው የእንዶድ ሳፋ ላይ ደርቋል። እማይ፣ እኔ ነክተውታል ወይ ስል፣ አንቱ የመለሱልኝ ስለ ሳሙና ነው።»

ወርቅነሽ የሁሉንም ፊት በየተራ አዩ።

«ትናንት ሚሚ ሆቴል ስትሄድ ነው ያጠብሁት» አሉ። «ያ ልጋግ ያሳምማቸዋል ብዬ ፈራሁ። ሳሙና አይንካው አለችኝ፣ አላስነካሁም። እንዶድ ሳሙና ነው እንዴ? ሚሚዬ፣ የክርስትና ቀሚስሽን ያጠብሁበት እኮ ነው።»

ሚሚ አልጮኸችም። ብትጮህባቸው በወደዱ ነበር።

«ክፉ ሰው ይገኛል ብዬ ነበር» አለች። «አሁን የምጣላው እንኳ አጣሁ።»

ወርቅነሽ ወደ ጥሩወርቅ ዞሩ። «ገዳዩ ተገኘ እኮ። ይኸው ተገኘሁ። እንግዲህ አትሄድማ?»

ስንት ወንጀለኛ ያናዘዘችው ሴት ጎንበስ ብላ ማሞቂያውን ነቀለች።

ሚሚ ባልዲውን አንሥታ አያቷ እግር ሥር አስቀመጠች። «ስትወልድ የራሷን ልጆች ትበላለች። ሣር ይጣሉባት፤ ይሸሸጉበታል። አደራ፣ እማይ።»

ከጓዳ የሻንጣው ዚፕ ሲዘጋ ተሰማ። ወርቅነሽ ባልዲውን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉት።

«እጄን በምን ልታጠብ?» አሉ።