የልበ ጽኑ ቅጠልና የቁጫጮቹ ምስክርነት

በዘርማድ መንግሥት የክፉ ቀን ምልክት ሆኖ የመጣው ጅራታም ኮከብ አልነበረም፤ ቁጫጭ ነበር። ከደጅ ተሰልፎ፣ የዕብነ በረዱን ደረጃ ወጥቶ፣ ንጉሥ አርማድ ሌሊት ወደሚሸናበት የወርቅ ሰን ገባ። ሕዝቡ ወዲያው ገባው። ንግሥቲቱን ይዟት የነበረው የማር ደዌ ንጉሡንም ይዞታል። ደዌው ደምንና ሽንትን ያጣፍጣል፣ እግርን ያሳብጣል፣ በመጨረሻም ልብን ያደክማል።

መድኃኒቱ ልበ ጽኑ የሚባል ቅጠል ነው። የሚበቅለው ክንፋሙ ዘንዶ ድርምስ በሚጠብቀው በአርዋ ተራራ ላይ ሲሆን መንገዱን የምታውቀው ወጣቷ ናርዳ ብቻ ነበረች። ከሰባት ዓመት በፊት እናቷ ዘሪታ ቅጠሉን ጨምቃ ለንግሥቲቱ ሰጥታ ነበር። ንግሥቲቱ ሞተች። የሐኪሞች አለቃ ዝክራን «መርዝ ነው» ብሎ መሰከረ፤ ንጉሡም ዘሪታን ከገደል አስወረወራት።

ናርዳ በዙፋኑ ፊት ቆመች። አልሰገደችም።

«ቅጠሉን አመጣለሁ። የእናቴን ደም ሳልመልስ ብቀር ግን አጥንቷ ይፋረደኝ!»

የእናቷ ወንድም ቦረን ጋሻውን አንግቦ ተከተላት። እሱንም ደዌው ይዞታል፤ ተራራውን የወጣው በየአሥር እርምጃው እየቆመ ነው። ድርምስ ከሰማይ ሲወርድ ቦረን በጦሩ ተቀበለው። ናርዳ አንድ እፍኝ ቅጠል ለቅማ ስትመለስ ዘንዶው ሞቷል፤ ሽማግሌው ደረቱን ይዞ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ልጭመቅልዎትና ይጠጡ!»

«ተይው ልጄ። ከዚህ ከጎደለ በምን ትመሰክሪያለሽ? እህቴ መርዘኛ እንደተባለች አትቀርም።»

ብትለምነው፣ ብታለቅስ፣ እንቢ አለ። ግትር ሽማግሌ! ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ሞተ።

ናርዳ ተመልሳ በንጉሡ ፊት ግማሹን ቅጠል ለዝክራን ሰጠችው። እሱም እንደ ልማዱ አፈላው፤ የዘርማድ ሐኪሞች ያልፈላ ነገር አያምኑም። ናርዳ የፈላውን ተቀብላ በቁጫጮቹ ሰልፍ ላይ አፈሰሰችው። ቁጫጮቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ተሻግረውት ሄዱ። ቀጥላ አንድ ጥሬ ቅጠል በመዳፏ ጨምቃ ጠብ አደረገች። ሰልፉ ተበትኖ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ማሩን የሚያሸንፈው ጥሬው ነው፤ እሳት ኃይሉን ይገድለዋል። እናቴ የጨመቀችው ጥሬውን ነበር» አለች። «ዋንጫውን ከእጇ ተቀብሎ እሳት ላይ የጣደው ማን ነው?»

ዝክራን ተንበረከከ። «እኔ ነኝ! ንግሥቲቱ ስትሞትብኝ ፈራሁ፤ በሴትዮዋ ላይ ላከክሁት።»

በሰንሰለት አስረው ወሰዱት። ንጉሡም ወደ ቀረው ቅጠል እጁን ዘረጋ።

«አንተ የምትጠጣው እናቴን በጣልክበት አፋፍ ላይ ነው። በእግርህ ወጥተህ፣ ንጹሕነቷን በአፍህ ከተናገርክ በኋላ!»

«አንተ» ስትለው ጭፍሮቹ ሰይፍ መዘዙ። ንጉሡ ከለከላቸው።

ሕዝቡ እየተከተለው ያበጠ እግሩን እየጎተተ ወጣ። ናርዳ ጭማቂውን በዋንጫ ሞልታ አፋፉ ላይ ጠበቀችው። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ወርዳ ልታጠጣው ትችል ነበር፣ አልወረደችም። እንደ ምንም ደረሰና ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ሕዝቤ ሆይ! ዘሪታ ንጹሕ ነበረች! በደለኛው እኔ ነኝ!»

እጁን ወደ ዋንጫው ሰነዘረ፤ ልቡ ግን አልጠበቀውም። እግሯ ሥር ወድቆ ቀረ።

ሕዝቡ የዘሪታን ስም እየጠራ እልል አለ። ናርዳ ደም መልሳለች፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ዋንጫው ግን በእጇ ላይ እንደ ሞላ ነው፤ ሊጠጣው የሚገባው ቦረን በአርዋ ተራራ ላይ ቀርቷል።