በተሰበረው መስታወት በኩል

ኤልያቄም ሞቶ የተገኘው ጎፋ፣ በአያቱ ግቢ ጓሮ ባለችው ጠባብ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ዱካ ላይ እንደተቀመጠ ጭንቅላቱን ሞተር ሳይክሉ ላይ ጣል አድርጎ፣ ላየው ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስል ነበር። ካቻቢቴው ከእጁ አልወደቀም። ሞተሩ ቤንዚኑን ጨርሶ ጠፍቷል። መጀመሪያ ያየችው እህቱ ዶርቃ ናት።

የአስከሬን ምርመራው የገደለው የሞተር ጭስ ነው አለ። በሩ ሥር ከውጭ በኩል ተጠቅጥቆ የተገኘው ጆንያ ደግሞ ከጓደኛው ከሁንዴሳ ጋራዥ የመጣ ነበር። ፖሊሶቹ ሌላ ነገር መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ሁንዴሳን ከቀብር መልስ ይዘውት ሄዱ።

መዝገቡ ኢንስፔክተር ጸደንያ እጅ የገባው በሠልስቱ ዕለት ነው። በማግስቱ ሁንዴሳ በሰው ግድያ ተጠርጥሮ ችሎት ሊቀርብ ነው።

ለቅሶው ቤት በር ላይ ዶርቃ የጸደንያን ክንድ ያዝ አደረገች።

«አደራ፣ አያታችን እንዴት እንደሞተ አታውቅም። ልቡ ቀጥ ብሎ ነው ብለናታል። ጭስ የሚባል ነገር እንዳያነሱባት፤ ትሞትብናለች።»

ሁለቱን ልጆች ያለ እናት ያለ አባት ያሳደጉት ወይዘሮ ትሩፋት ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ጸደንያ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እማማ» ብላ በሩ አጠገብ በርጩማ ሳበች።

«ኧረ ልጄ፣ እዚያ አትቀመጪ! መስኮቱ ከኋላሽ ነው፤ ንፋሱ በጀርባሽ ይገባል።» አሮጊቷ ሌላ ሰው እስኪነሣ አልጠበቁም። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና መስኮቱን ዘግተው ተመለሱ። «እሱም እንዳንቺው ነበር። ሳሉ ሳይለቀው እዚያ በረዶ ቤት ውስጥ ይውላል። ልበስ ብለው አይሰማኝም፣ ፎጣ አንገትህ ላይ አድርግ ብለው ይስቅብኛል።»

ጸደንያ የተዘጋውን መስኮት አየች።

ከሰርቪስ ቤቷ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ተከራይ አቶ አባይነህ ሳይጠየቁ የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

«ያ የሞተር ጩኸት ጭንቅላቴን ሲበጠብጠው ነው የከረመው። በሩን ዝጋ እያልኩ የምጮኸውም እኔ ነኝ፣ አልክድም። ግን ሁንዴሳ በሞቱ ዋዜማ ሲጣላው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹አንተ ልጅ፣ ይሄ ሞተር አንድ ቀን ይገልሃል!› ነው ያለው።»

«እርስዎ ለልጅዎ እንዲህ ብለው አያውቁም?»

አቶ አባይነህ ጢማቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «ለእሱማ በየቀኑ ነው የምለው።»

ጸደንያ ወደ ጓሮ ዞረች። የሰርቪስ ቤቷ መስኮት ከዱካው በስተጀርባ ነው፤ አንዱ መስታወት ተሰብሮ መዳፍ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኗል። በስብርባሪው ጫፍ ላይ ነጭ የጥጥ ክር ተንጠልጥሏል። ጣሪያው ሥር፣ ቆርቆሮውና ግድግዳው መካከል፣ ጣት የማታስገባ ስንጥቅ አለች። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ላይ ያለችው የአየር ብሎን ተፈትታ ተፈትታ ልትወድቅ ደርሳለች። ስትወጣ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ዓይኗ አረፈ፤ አንዲት ነጠላ ብቻዋን ተሰጥታለች።

ሁንዴሳን ጣቢያ ሄዳ አነጋገረችው። ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ድምፅ ነበረው።

«የሞተ ቀን ደወለልኝ። ‹ሞተሩ አየር አነሰው፣ እየጠፋብኝ ነው፣ ራሴንም አመመኝ› አለኝ። ‹የአየሯን ብሎን ፍታለት፣ በደንብ እስኪሞቅ እንዳታጠፋው› አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«በሩ ተዘግቶ?»

«ሁሌም ዘግተን ነው። ጎረቤት ይጮህብናላ! በተሰበረው መስታወት ነበር የምንተነፍሰው።»

«ጆንያውስ?»

«እግር መጥረጊያ ነው። በሩ ላይ ያነጠፍኩት ራሴ ነኝ።»

አመሻሹ ላይ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ጸደንያ ሁንዴሳን ከነካቴናው አስመጣችው። ዶርቃ «አያታችንን ብቻ ያስወጧት» ብላ ለመነች።

«ያለ እሳቸው አይሆንም» አለች ጸደንያ፤ ድምፅዋ ግን አልደፈረም። «ኤልያቄም ራሱን አላጠፋም። ሞተሩ ሲታፈን ጥፋቱ የካርቡሬተሩ መስሎት ብሎኑን ሲፈታለት ነበር። አየር ያለቀው ግን ክፍሉ ውስጥ ነው። መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ እያለ ደግሞ የበር ሥር ጆንያ ብቻውን እንዲህ አያደርግም። መስታወቱም ተደፍኖ ነበር። ዶርቃ፣ ለቅሶ ቤት ልብስ አይታጠብም። ያቺን ነጠላ ለምን አጠብሻት?»

ዶርቃ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ወንድምሽን እንዳየሽ ከመስኮቱ ነቀልሻት። የማን እንደሆነች ስላወቅሽ ነው።»

«ታዲያ ማን ነው ገዳዩ?» አሉ አቶ አባይነህ።

«ሊገድል የመጣ ሰው ሁሉንም ይደፍናል። የጣሪያው ስንጥቅ አልተነካም። የተደፈኑት ሁለት ብቻ ናቸው፦ አንዱ ጀርባው ላይ ንፋስ የሚያስገባው፣ ሌላው እግሩ ላይ። ይህን ያደረገ ሰው ስለ ጭስ አላሰበም።» ጸደንያ አንገቷን ደፋች። «ስለ ብርድ ነው ያሰበው።»



«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ትሩፋት። ድምፃቸው ላይ ምንም አልነበረም። «ሲያስለው ሰማሁት። ላብ እንዳላበው ንፋስ ይመታዋል ብዬ። ካየኝ ስለሚነቅለው ቀስ ብዬ ነው ነጠላዬንም ጆንያውንም የወተፍኩት።» ወደ ዶርቃ ዞሩ። «ልቡ ነው አላልሽኝም?»



«እማማ፣ እንዳታጠፋው ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ሁንዴሳ።

«ዝጋ ያልኩትም እኔ…» ብለው አቶ አባይነህ ሳይጨርሱት ቀሩ።

ዶርቃ ሁንዴሳን ልታየው ሞከረች። «ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል…» እሱ ግን ካቴናውን የምትፈታለትን ጸደንያን ብቻ ነበር የሚያየው።

«በሕግ ፊት፣ እማማ፣ የመግደል ሐሳብ አልነበረዎትም። እኔም ይህንኑ ነው የምጽፈው።»

«ሕጉን ተይው፣ ልጄ።»

የቤቱ አየር ከበዳቸው መሰል፣ አቶ አባይነህ ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱት። ከመካኒሳ በኩል የሚመጣው የማታ ንፋስ ገብቶ በስስ ሸሚዝ የተቀመጠውን የሁንዴሳን ጀርባ መታው። የወይዘሮ ትሩፋት እጅ ሳያስቡት ትከሻቸው ላይ ወዳለው ነጠላ ሄደ። ጫፉን ይዘው ወደ ልጁ ዘረጉት።

መሃል ላይ እጃቸው ቆመ። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈተው ነጠላውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉት።

ሁንዴሳን በረደው። መስኮቱን የዘጋው ግን አልነበረም።