የቀኝ ፍሬቻ

ሞተራችሁን አጥፍታችኋል? ደግ። ባትሪውንም አጥፉት፤ ይሄ ነገር በጨለማ ነው የሚወራው። እኔ «መንገድ!» ስል እናንተ «በሰላም ያግባን!» በሉ። መንገድ! ጮክ በሉ እንጂ፤ ቀስ ብሎ የሚመልስ የሞተ ሰው ነው።

ድሮ ነው። ዘርጋው የሚባል ሹፌር ነበር። መንደሩ ከአንድ ረጅም ቁልቁለት ግርጌ፣ አስፋልቱ ጥግ ላይ ናት። ስሟን አልነግራችሁም፤ ስታልፉባት ታውቋታላችሁ። ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች። ዘርጋው ከመጨረሻው ኩርባ ሲደርስ ጥሩምባውን አስረዝሞ ይነፋል። ትርንጎ ያንን ጥሩምባ ከሺህ ትለየዋለች። ፋኖሷን ይዛ ወጥታ አስፋልቱ ዳር ትቆምለታለች፣ ቢጨልምም፣ ቢዘንብም። ይቺን ያዙልኝ።

አንድ ክረምት ዘርጋው ቁልቁለቱን ሲጀምር ከፊቱ ጋሽ ጫኔ ይሄዳሉ። ጋሽ ጫኔ ጋቢ ለብሰው የሚነዱ አንጋፋ ሹፌር ናቸው። የጫኑት አጣና ነው። የኋላው ገመድ ተፈቶ መሬት ይጎተታል። ዘርጋው አየና መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገላቸው። ጋሽ ጫኔ ምን አሉ? «ልጁ ማለፍ ፈልጓል» አሉና የቀኝ ፍሬቻ አሳዩት። የቀኝ ፍሬቻ ምን ማለት ነው? እለፍ፣ ከፊት ነፃ ነው! ጨዋ ሰው ነበሩ። ዘርጋውስ ምን አደረገ? አለፈ። አልፎ ቆሞ ቢነግራቸው ምን ነበረበት? «የራሱን ጭነት ራሱ ይየው» አለና ወደ ትርንጎ ነዳ። ከኋላው ጋሽ ጫኔ ፍሬን ሲይዙ አጣናው በጋቢናው ገባ። የቀረውን አልነግራችሁም።

ዓመት ዞረ። ዘርጋው አጣና ጭኖ፣ ብቻውን፣ ከዚያው ቁልቁለት አናት ደረሰ። ገና አልነጋም፤ ጅብ እንኳ ዝም ብሏል። ከፊቱ አንድ መኪና አለ። ከየት መጣ? አልቀደመው፣ አልደረሰበት፤ ዝም ብሎ አለ። አጣና ጭኗል። ገመዱ መሬት ይጎተታል።

ዘርጋው ቁልቁል ወደ መንደሩ አየ። ይሄ ጭነት መንደር ውስጥ ቢፈታስ? ከታች ማን አለ? ትርንጎ አለች! ቀኑ የገበያ ነው፤ ጌሾዋን ተሸክማ ጎህ ሳይቀድ የምትወጣ ሴት ናት። መብራቱን ብልጭ አደረገ። ከፊት የቀኝ ፍሬቻ። ጥሩምባ ነፋ። የቀኝ ፍሬቻ። «አላልፍም! ገመድህን! ገመድህን እየው!» ብሎ በመስኮት ጮኸ። የቀኝ ፍሬቻ።

ከዚያ አጣናው ላይ የተቀመጠ ሰው አየ። ጀርባውን የሰጠ፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ። ንፋሱ ዛፉን ያጎነብሳል፣ ጋቢው ግን ንቅንቅ አይልም። ማን እንደሆነ አወቃችሁ? ዘርጋው አላወቀም። የጨነቀው ሰው ዓይኑ ያያል እንጂ ልቡ አያይም።

ከታች ሽቅብ የሚወጣ ከባድ መኪና መጣና መብራቱን ብልጭ አደረገበት። ዘርጋው ምን አለ? «ትራፊክ አለ ማለቱ ነው። ተመስገን፣ ፖሊሱ ይሄን ሰው ያስቆምልኛል» አለና ቀበቶውን አሰረ! አይ የእኛ ነገር! ሞት መጣብህ ሲሉት ቀበቶ ያስራል።

ቢጨንቀው ጊዜ «ቀድሜ መንገዱን እዘጋበታለሁ» አለ። ነዳጅ ረገጠ። ጎን ለጎን ሲደርስ ወደ ጋቢናው አየ። መሪው ላይ ሰው የለም። አለፈው። በስፖኪዮ ወደ ኋላ አየ። መኪናው የለም። መንገዱ ባዶ ነው። ጋቢ የለበሰው ሰውዬ ግን አለ። የት? ዘርጋው ጭነት ላይ! መሬት የሚጎተተው ገመድ የማን ኖሯል? የራሱ! አጣናው ወደ ጎን ተንሸራቶ ወጥቷል። ያ ሽቅብ የሚወጣው ሹፌርም የነገረው ይሄንኑ ኖሯል።

ሰውዬው ቀስ ብሎ ዞረ። ጋሽ ጫኔ ናቸው።

«አየህ ልጄ» አሉት፤ «ዛሬም አለፍከኝ።»

ፍሬን ይያዝ? አጣናው በጋቢናው ይገባል። አይያዝ? ከታች መንደር ነው። «ኧረ በእናታችሁ ሽሹ! ኧረ ከመንገድ ራቁ!» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ማን ይስማው? የቀረው ጥሩምባው ብቻ ነው። ኩርባው ላይ ሲደርስ ጥሩምባውን ተጭኖ ያዘ። ሽሹ ማለቱ ነው። አለቀቀውም።

ትርንጎ ከቤት ሆና ጌሾዋን ታስራለች። ሰማች። «መጣልኝ!» አለች፤ «ዛሬስ ናፍቆት ብሶበታል፣ እንዴት ያስረዝመዋል!» ፋኖሷን አንስታ ወጣች።

ዘርጋው ያቺን ብርሃን ከሩቅ አያት። «ተመለሺ! ትርንጎ፣ ተመለሺ!» በእጁም ሂጂ፣ ሂጂ አላት። እሷም ፋኖሷን ከፍ አድርጋ አወዛወዘችለት። ያኔ «እኔን ይግደለኝ» ብሎ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠው። አጣናው ግን ወደ ፊት አልመጣም። ወደ ጎን ፈሰሰ።

ፋኖሱ ጠፋ።

ዘርጋው ተረፈ፣ መትረፍ ካላችሁት። እስኪሞት ድረስ ቁልቁለቱ አናት ላይ እየቆመ ያለፈ ያገደመውን መኪና ገመድ ሲፈትሽ ኖረ። እብድ አሉት። እናንተ ግን የሰው ገመድ ተፈቶ ካያችሁ፣ እለፉ ቢሏችሁም አትለፉ። ቀድማችሁ አስቁሙት፣ ወርዳችሁ በአፋችሁ ንገሩት። መብራትም ጥሩምባም ሰው እንደመሰለው ነው የሚተረጉመው።

መንገድ!

ቆይ፣ ቆይ። አንተ፣ ጥግ የተቀመጥከው፤ ያቺ ውጭ የቆመችው አጣና የጫነችው መኪና ያንተ አይደለችም? ገመዷን አይተሃል? አላየህም? የመጣኸውስ ብቻህን ነው? እርግጠኛ ነህ?

ታዲያ ጭነትህ ላይ ፋኖስ ይዛ የተቀመጠችው ሴት ማን ናት?