ውሃው እስኪፈተሽ

አንባቢዋ ወደ ዓሣ ቤቱ የገባችው ዓሣ ልትገዛ አልነበረም። ዓሣ በነፃ ቢሰጧት እንኳን የት እንደምታስቀምጠው አታውቅም። የፈለገችው ቱቦ ነው።

ሰፈሩ «አንባቢዋ» የሚላት እንጀራዋ ማንበብ ስለሆነ ነው። በብርድ ልብስና በስፖንጅ በሸፈነቻት ጠባብ ክፍሏ ተቀምጣ መጻሕፍት ድምፅ አውጥታ ታነባለች፣ ትቀዳለች፣ ለአሳታሚ ትልካለች። ጠላቷ አሮጌው ኮምፒውተሯ ነበር። ትንሽ ሥራ ሲበዛበት ማራገቢያው ይጮሃል፤ እሷ «እወድሃለሁ» የሚለውን ቃል አለስልሳ ስታነብ ከጀርባዋ ወፍጮ ቤት የተከፈተ ይመስላል። አሳታሚው ሥራዋን ደጋግሞ ሲመልስባት ቆረጠች። በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ትንፍሽ የማይል ኮምፒውተር በገዛ እጇ ልትገጣጥም።

ተገጣጥሞ የሚሸጥ የለም ወይ? አለ። ግን አንባቢዋ ግትር ናት፤ ሰው እንዲያግዛትም አትወድም። ይህን ከአሁኑ ልናገር፤ ኋላ ስትታገዝ ብታዩአት እንዳይገርማችሁ። ከዕቃው ጋር የመጣላትን ቱቦ ቸኩላ አሳጥራ ቆረጠችው፤ ኮምፒውተር ቤቶቹ ደግሞ ትርፍ ቱቦ አልነበራቸውም። አንዱ ሻጭ እየቀለደ «ዓሣ ቤት ሞክሪ» አላት። እሷ ግን ቀልዱን ከምር ወሰደችው።

«ለስንት ዓሣ ነው?» አላት ባለ ዓሣው፣ እጁን እስከ ክርኑ መስተዋት ገንዳ ውስጥ ነክሮ ድንጋይ እያስተካከለ።

«ዓሣ የለኝም።»

«ገንዳውስ ስንት ሊትር ነው?»

«ገንዳም የለኝም። ለኮምፒውተር ነው፣ ወንድሜ።»

እጁን ከውሃው አወጣና ትክ ብሎ አያት። የምታሾፍበት መስሎታል።

«እህቴ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ውሃ ልትጨምሪ?»

«አዎ።»

«ሆን ብለሽ?»

ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ። ሲስቅ አንዱ ዓይኑ ከሌላው ቀድሞ ይጨፈናል። ቱቦ ልትገዛ የመጣች ሰው ይህን ልታስተውል አይገባም ነበር፤ እሷ ግን አስተዋለች፤ ቤቷ ስትደርስም አልጠፋትም።

ከዚያ በኋላ ዓሣ ቤቱን ለመደችው። ዛሬ የቱቦ ማሰሪያ፣ ነገ ፈሳሽ ማንቆርቆሪያ ቀጭን ጠርሙስ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ምን እንደፈለገች ራሷም የማታውቀው ነገር። ሰበብ ሲያልቅባት እሱ አንድ ቀን «ማየት እችላለሁ? ማየት ብቻ» አላት። «ማየት ብቻ ከሆነ ና» አለችው።

የመጣ ዕለት እጆቹን ከኋላው አጣምሮ፣ እንደ ሙዚየም ጎብኚ ጎንበስ ብሎ አየ። አንባቢዋ በጣቷ እያሳየች አስረዳችው። ይህ ፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል ነው፤ ሲሠራ ይግላል። በላዩ ያለው የመዳብ ክዳን ውስጥ ውሃ ያልፋል፤ ሙቀቱን ይዞ ላይ ወዳለው ራዲያተር ይወጣል፤ እዚያ ቀዝቅዞ ይመለሳል። የሚገፋው ይህ ፓምፕ ነው።

«በደንብ የታሰበበት ሥራ ነው» አላት። «አንቺ ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

እናቷ በር ላይ ቆማ ሁለቱንም በተራ አየቻቸው። ማታ ራት ላይ «እንግዳውን ሁሉ ‹ወንድሜ› ነበር የምትዪው፤ ዛሬ ቀረ እንዴ?» አለቻት። አንባቢዋ ውሃዋን አንሥታ ጠጣች።

እንዲህ እንዲህ እያለ «ማየት ብቻ» የተባለው እጅ ቱቦ መያዝ ጀመረ። አንድ ሰው ቱቦውን ሲያጎብጥ ሌላው ማሰሪያውን ያጠብቃል፤ ይህ ለሁለት እጅ የማይሆን፣ አራት እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። ክርኖቻቸው ሲነካኩ ሁለቱም ይቅርታ ይጠያየቃሉ፤ ክርናቸውን ግን ሁለቱም ፈቀቅ አያደርጉም።

ሥራው ወደ ማለቂያው በተቃረበ ቁጥር አንባቢዋ ማሰሪያውን ቀስ እያለች ታጠብቅ ጀመር። ኮምፒውተሩ ሲያልቅ ምን ብሎ ይመጣል? እሷስ ምን ብላ ትጠራዋለች? ዝም ብሎ «ና» ማለት ለሌላ ሰው ቀላል ሊሆን ይችላል። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ የሰው የፍቅር ቃል ስታነብ ትውላለች፤ የራሷ ተራ ሲደርስ አፏ ይተሳሰራል። እሱም ቢሆን ከዓሣ ጋር የሚውል ሰው ነው፤ ከእነሱ የተማረው ዝምታን ነው።

የቀረው የመጨረሻው ፈተና ነበር። ሰማያዊ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ተደባልቆ ገባ። ከዚያ ለሌላው ዕቃ መብራት ሳይሰጥ ፓምፑ ብቻ ሙሉ ቀን ይሠራል፤ በየመገጣጠሚያው ሥር ነጭ ሶፍት ይነጠፋል። ሶፍቱ ቀኑን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ከዋለ ኮምፒውተሩ ይበራል። ጠብታ ከታየ ተፈትቶ፣ በደንብ ታስሮ፣ እንደገና ሙሉ ቀን ይጠበቃል። አንድ ጠብታ ዕቃው ሁሉ የተሰካበት ማዘርቦርድ ላይ ብትወድቅ የስንት ወር ልፋት ገደል ይገባልና ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት።

ቅዳሜ በጠዋት ባለ ዓሣው ሱቁን ለእህቱ ትቶ መጣ። ጎን ለጎን ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሰማያዊው ውሃ በቱቦው ውስጥ ይዞር ጀመር፤ ትናንሽ አረፋዎች እየተሯሯጡ ያልፋሉ። እሱ ሳጥኑን ወደ ጎን ዘንበል እያደረገ አረፋዎቹን አስወጣ።

«ገንዳ ስሞላም እንዲህ ነው የማደርገው» አላት።

«ከዓሦቹ ጋር ታወራለህ?»

«አወራለሁ።»

«ምን ትላቸዋለህ?»

አቀረቀረ። «ሰሞኑን ስላንቺ ነው የማወራቸው» ብሎ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ወዲያው «ስለ ኮምፒውተሩ ማለቴ ነው» አለ።

ወሬውን አጥፎታልና እሷም አላነሳችውም። እናቷ ሻይ ይዛ ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ስኳር ረሳሁ ብላ ገባች። ስኳሩ ግን ቀድሞውኑ ትሪው ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላው ገፍቶ ጥላ ሲረዝም ሶፍቱ ሁሉ ደረቅ ነበር። ባለ ዓሣው እየነካካ አየና ተነሣ።

«እንግዲህ አለቀ። ትንሽ ቆይተሽ ታበሪዋለሽ» አለ። ደስ ያለው አይመስልም። እጁን ሊታጠብ ወጣ።

አንባቢዋ ብቻዋን ቀረች። አላስችል አላት። ጣቷን ብርጭቆዋ ውስጥ ያለው ውሃ ውስጥ ነከረችና ከፕሮሰሰሩ ሥር ያለውን ሶፍት ነካ አደረገችው። እንደ ሌባ ጣቷን ቶሎ በቀሚሷ ጠረገች።

«ኧረ እዚህ ጋ ረጥቧል!» አለች ሲመለስ፤ ድምፅዋን የገዛ ጆሮዋ አላምን አለ።

ጎንበስ ብሎ ሶፍቱን አየ። ከሚገባው በላይ አየው። ከዚያ እሷን አያት፤ እሷ ዓይኗን ሰበረች።

«እውነትሽን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ነገ ከመጀመሪያው መጀመር አለብን።»

ምንም ያልላላውን መገጣጠሚያ ፈታ፣ እንደገና አጠበቀ። አንባቢዋ በሆዷ ይቅር በለኝ አለች፤ ግን ያን ሌሊት እንደተኛችው ጥሩ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም።

እሁድ ፀጉሩን አበጥሮ መጣ። ያን ቀን ብዙ ወሬ አወሩ። ስለ ልጅነታቸው፣ እሱ ከባሕር ይልቅ ገንዳ ስለመውደዱ፣ እሷ አሳዛኝ ምዕራፍ ስታነብ ለቅሶዋን ለማቆም እግሯን ስለመቆንጠጧ። ሳቁ። ሶፍቱ ደረቅ ነበር። ፀሐይ ወደ መስኮቱ ዝቅ ስትል እናቷ ስለጠራቻት አንባቢዋ ለአፍታ ወጣ ብላ ተመለሰች።

«ችግር አለ» አላት ባለ ዓሣው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «ከራዲያተሩ ሥር ረጥቧል።»

አንባቢዋ ደነገጠች። ይህኛውን እኮ እኔ አላረጠብኩትም! እውነተኛ ጠብታ ነው ማለት ነው፤ ልፋቷ ሁሉ ዓይኗ እያየ ሊጠፋ ነው። ተንበርክካ ሶፍቱን አነሣችና ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ረጥቧል፤ ግን ሰማያዊ አልሆነም፣ እንደነበረው ነጭ ነው። ቱቦውን ቀና ብላ አየች። ሰማያዊ ውሃ ይዞራል።

ቀስ እያለ ገባት። የዛሬው ሲገባት የትናንቱም አብሮ ገባት፤ ፊቷ ጋለ።

«የእኛ ውሃ ምን ዓይነት ነው?» አለችው።

«ሰማያዊ።»

«ይሄስ?»

ፊቱን አላዞረም። «ነጭ ነው።»

«የትናንቱስ?»

«የትናንቱም ነጭ ነበር።»

«እያወቅህ ነዋ መገጣጠሚያውን የፈታኸው!»

«እና ምን ላድርግ?» ዞረ። «ደረቅ ነው ብዬ ወደ ቤቴ ልሂድልሽ?»

አንባቢዋ መጀመሪያ በእፍረት፣ ኋላ በሳቅ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እሱም እንደ ጥፋተኛ ልጅ አጠገቧ ቁጭ አለ። ከበር ውጭ የሆነ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና ኮቴው ራቀ።

«እናብራው» አለች በመጨረሻ።

አበሩት። የሚሰማ ነገር የለም። ስክሪኑ ቦግ ባይል ኮምፒውተሩ መሥራቱን ማንም አያውቅም ነበር። ሁለቱም ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ፤ የራሳቸውን ትንፋሽ ብቻ ሰሙ።

«ተሳካልሽ» አላት።

«ተሳካልን።»

ቦርሳውን አነሣ፣ እስከ በሩ ሸኘችው። ያኔ ለራሷ አንድ ነገር ታወቃት። አሁን ምንም አልቀረም፤ የሚያጠብቁት ማሰሪያ የለም፣ የሚያረጥቡት ሶፍት የለም። የምትለውን ማንም ጽፎ አልሰጣትም፤ ከገዛ አፏ መውጣት ነበረበት።

«ነገ ምንም የሚሠራ ነገር የለም» አለችው። «ግን ና።»

በማግስቱ ባለ ዓሣው ባዶ እጁን መጣ። በሩን የከፈተችው እናቷ ነበረች፤ ቦርሳ አለመያዙን አየችና ወገቧን ያዘች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ተበላሽቶ ነው?»

«ምንም አልተበላሸም፣ እማማ» አለ፤ ላብ አጠመቀው፣ ግን ዓይኑን አላሸሸም። «ልጅዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

እናቲቱ ወደ ውስጥ ዞራ ልጇን በስሟ ተጣራች። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ ብላ መንገድ ለቀቀችለት።

«ግባ፣ ልጄ» አለችው።