የዘይባ አሥር እርምጃ

«አርባ ሁለት ሺህ ሰው አይቶታል!» ኪዱ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነባት። «ከትናንት ወዲህ ብቻ! ፈቲሀ፣ ታዋቂ ሆነናል እኮ!»

ፈቲሀ ቪዲዮውን አየችው። መጀመሪያ የታየው የራሷ እጅ ነው፤ ቅዳሜ ዕለት ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አፈር ሲጠርግ። ከዚያ የኪዱ ድምፅ መጣ፤ ኳስ የሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ ይመስል ይጮኻል። «ማንም ያልነገራችሁ ታሪክ! ሮማውያን ቡታጅራ ነበሩ! ይኸው የሠሩት መንገድ!»

ደወል ሊደወል ትንሽ ቀርቶታል። በትምህርት ቤቱ በር የሚገቡ ተማሪዎች ወደ እነሱ እየጠቆሙ ያልፋሉ። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ኪዱን ትከሻውን መታ አድርጎ «ይመችህ፣ ሮማው!» አለው። ኪዱ ጥርሱን መሰብሰብ አቃተው።

«ሮማውያን ናቸው ብለን መቼ ተነጋገርን?» አለች ፈቲሀ።

«አታካብጂ በናትሽ። አይደሉም ብለንስ መቼ ተነጋገርን?»

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የዘጠነኛ ክፍል የታሪክ መምህራቸው ይትባረክ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት እያደረገ የጥናት ርዕስ ሲያከፋፍል፣ ለፈቲሀና ለኪዱ «የጥንት ሮማውያን መንገዶች» ደረሳቸው። ኪዱ ወረቀቱን አይቶ «እኛን ምን አገባን!» አለ። ፈቲሀ ግን ማንበብ ስትጀምር ማቆም አቃታት። ሮማውያን ግራና ቀኙን ቦይ እየቆፈሩ፣ ከሥር ትልልቅ ድንጋይ ከላይ ጠጠር እየደለደሉ አገር ለአገር የሚያገናኝ መንገድ መሥራታቸው ይደንቃል። እሷን ይበልጥ የደነቃት ግን ከጠፋ በኋላ የሚገኝበት ዘዴ ነው። አፈር ሥር ድንጋይ ካለ የሣሩ ሥር ጠልቆ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ በጋ ሲሆን ከሌላው ሣር ቀድሞ ይገረጣል። መሬት ላይ ለቆመ ሰው ምንም አይታየውም። ከሰማይ ለሚያይ ግን ቀጥ ያለ ነጣ ያለ መስመር ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የኪዱን ስልክ ተቀብላ የሳተላይት ምስል ከፈተች። ለጨዋታ ያህል የእናቷን የትውልድ መንደር ፈለገች፤ ከቡታጅራ ወረድ ብሎ ወደ ቆሼ በሚወስደው በኩል። የከብት ግጦሹ ሜዳ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ቀጥ ያለ፣ ነጣ ያለ መስመር!

ቅዳሜ ዶማ ተውሰው ሄዱ። ክንድ ያህል እንደቆፈሩ ጠፍጣፋ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ጎን ለጎን የተነጠፉ ድንጋዮች ብቅ አሉ። ፈቲሀ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተደስታ አታውቅም። ኪዱ ደግሞ እየቀረጸ ነበር።

በዚያ ሰኞ ጠዋት መምህር ይትባረክ ወደ ክፍል ሲገባ ፈገግ ብሎ ነው። ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ቡታጅራ ሲያስተምር ስድስት ዓመቱ ነው፤ ፈገግ ሲል እያመሰገነ ይሁን እየፈተነ እስካሁን የለየለት ተማሪ የለም።

«ሮማውያን ከተማችን መግባታቸውን ሰማሁ» አለ። «ደስ የሚል ወሬ ነው። ማስረጃውን ዓርብ፣ የወላጆች ቀን ላይ፣ አዳራሽ ውስጥ ትነግሩናላችሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ፈቲሀ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት።

ዕረፍት ላይ ኪዱ ቀድሟት አሰበበት። «'ሊሆን ይችላል' እንላለን፣ አለቀ! 'ሊሆን ይችላል' ውሸት አይደለም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፤ አባቴ በዝውውር ሲመጣ እዚህ ትምህርት ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው። እስከ ትናንት ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ሁሉም ሰላም ይለኛል። ተይው እስቲ።»

ሰላምታው ለፈቲሀም ደርሷት ነበር፤ ደስ አላለኝም ብትል ውሸት ይሆን ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት ስላልነበረ በባጃጅ ወደ መንደሩ ወረደች። የእናቷ አጎት ሐጂ አብዱልሃፊዝ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የበርበሬ ችግኝ መደብ ይኮተኩታሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ግን ሥራ አይፈታም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ።»

«ወአለይኩም ሰላም! ፈቲሀ፣ በደህና ነው በትምህርት ቀን የመጣሽው?»

ቪዲዮውን ከእናቷ በተዋሰችው ስልክ አሳየቻቸው። ሁለት ጊዜ እንድትደግምላቸው አደረጉ።

«ሮማ የሚለው ማንን ነው? ከቆሼ ወዲህ ነው ወዲያ?»

ፈቲሀ ሳቀች። «ከባሕር ማዶ ነው፣ አባባ። የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት የነበሩ ሰዎች ናቸው።»

ሽማግሌው አልሳቁም። «እና እነሱ መጥተው ሠሩላችሁ ነው የሚለው ልጁ?» መኮትኮቻውን አስቀመጡ። «እናቴ ያንን ድንጋይ በጀርባዋ ስትሸከም እኔ በሆዷ ነበርኩ። እኔም ተሸክሜያለሁ ማለት ነው።»

የፈቲሀ ሳቅ ከፊቷ ላይ ጠፋ። አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለችና ደብተሯን አወጣች።

«ያኔ አስፋልት የለ፣ መኪና የለ» አሉ ሐጂ። «የማረቆ በርበሬ በአህያ ወደ ቡታጅራ የሚወጣው፣ ከደጋ ቆጮው ወደ ቆላ የሚወርደው በዚህ ሜዳ ነበር። ክረምት ሲገባ ሜዳው ረግረግ ነው። አንድ ክረምት ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ሲያሻግሩ ጭቃው ያዛቸው። እሷም ልጇም እዚያው ቀሩ። ከቀብር መልስ መንደሩ ተቀመጠና ቆረጠ። ሠላሳ ሁለት ቤት ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት አሥር አሥር እርምጃ ደረሰው። ሀብታም የለ፣ ድሃ የለ፤ እስላም የለ፣ ክርስቲያን የለ። ድንጋዩ ከዚያ ኮረብታ ይመጣል። በጋውን ሙሉ ሠሩ። በሚቀጥለው ክረምት ሰው እግሩን ሳያጨቀይ ተሻገረ።»

«ማን ነበር የሚያሠራቸው?»

«ማን ያሠራቸዋል? ራሳቸው ናቸዋ! በኋላ አስፋልቱ በወዲያ በኩል ሲያልፍ የሚሄድበት ጠፋ፤ አፈር ለበሰ።»

ምርኩዛቸውንና ዶማቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ሜዳው መሯት። ልጅ ሳሉ ከእናታቸው ጋር ገበያ በሄዱ ቁጥር እናታቸው የየቤቱን ድርሻ እየጠሩ ይቆጥሩላቸው ነበር። ዳር ላይ ቆመው መራመድ ጀመሩ። «የሸምሱ ቤት።» አሥር እርምጃ። «የወልደአማኑኤል ቤት።» አሥር። «የሙዘይን ቤት። የደግፌ ቤት። የኑርዬ ቤት።» ፈቲሀ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለች ትጽፋለች። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ዘይባ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልነበራት ሴት ናት። 'አንቺ ይቅርብሽ' ቢሏት 'እኔ ቤት የለኝም ወይ?' አለች። ትልቅ ድንጋይ መሸከም ስለማትችል ትንንሹን በቅርጫት እያመላለሰች አሥሩንም እርምጃ ብቻዋን ሞላችው። እናቴ እዚህ ስትደርስ ቀስ ብላ ነበር የምትራመድ።»

የፈቲሀ እስክሪብቶ ቆመ። እስካሁን የሰማችው ሁሉ ከአንድ ሰው አፍ የወጣ ነው። ይሄኛው ግን መሬቱ ራሱ የሚመሰክርበት ነገር ነው። የሐጂን ዶማ ተቀብላ ቆፈረች። ክንድ ያህል ስትወርድ ዶማው ጠፍጣፋ ትልቅ ድንጋይ መታ። ጎኑን ቆፈረች፤ አሁንም ትልቅ ነው።

«ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ አባባ» አለች ቀስ ብላ፤ ልታሳዝናቸው አልፈለገችም።

ሐጂ አብዱልሃፊዝ ጉድጓዱን አዩት። የመጡበትን ሜዳ ዞረው አዩት። በመጨረሻ ወደ ገዛ እግራቸው አቀርቅረው ሳቁ። «እኔ እንደ አባቴ ረጅም ነኝ! እናቴ አንቺን ነበር የምታክል። እርምጃው የሷ ነው፤ ከዳር ጀምረሽ አንቺ ተራመጂው።»

ፈቲሀ ተመልሳ ከዳር ጀመረች። መቶ ሰማንያ ቆጥራ ስታበቃ ሐጂ ከቆሙበት ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርታለች። ቆፈረች። ዶማው የነካው ነገር ድምፁ የተለየ ነበር፤ ጠጠር ላይ እንዳረፈ ያለ። አፈሩን በእጇ ጠረገችው። ጭብጥ ጭብጥ የሚያክሉ ድንጋዮች ናቸው፤ ክፍተት ሳይተዉ አንዱ ባንዱ ላይ ተጠጋግተው ተጠቅጥቀዋል። ወደ ግራ ሰፋ አድርጋ ቆፈረች፤ ትንንሽ። ወደ ቀኝ፤ ትንንሽ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። ምርኩዛቸውን ጥለው ሣሩ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተቱ።

ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱን እንኳ ፈቲሀ አልተሸከመችም፤ ደረቷን የሞላው ኩራት ግን የራሷ ነበር። በስልኩ ፎቶ አንሥታ ስትጨርስ ሐጂ የቀሩትን ቤቶች እስከ ዳሩ ጠሩላት፤ የመጨረሻው ግን ጠፋቸው።

ሐሙስ ዕለት ለኪዱ ሁሉንም ነገረችው። በጥሞና ሰማትና «ሰማንያ ዓመት?» አለ። «ይሄማ ጥንታዊ እንኳን አይደለም! ዘይባ ብለን ብንለጥፍ ማን ያየዋል?»

«አላውቅም።»

«ከዞን ካሜራ የያዘ ሰው ይመጣል ተብሏል እኮ። ዳይሬክተሩ ራሱ ጠርቶ አመስግኖኛል። ፈቲሀ፣ እኔን ነው የምታዋርጂው።»

«ኪዱ፣ ልጅ አልነበራትም» አለች ፈቲሀ። «ሮማውያን ናቸው ካልን በኋላ 'ኧረ ዘይባ ናት' ብሎ የሚከራከርላት ዘመድ የላትም።»

ኪዱ መሬቱን በጫማው ጫፍ ጫረ። «የፈለግሽውን አድርጊ። እኔ ላፕቶፑ ጋ ነኝ» ብሎ ሄደ።

ዓርብ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ካሜራ የያዘው ሰው ጥግ ይዞ ቆሟል። ሐጂ አብዱልሃፊዝ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ከፈቲሀ እናት ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ተራቸው ደርሶ ፈቲሀ መድረክ ስትወጣ፣ ከጀርባዋ ኪዱ ያዘጋጀው ርዕስ ግድግዳው ላይ ተንቦገቦገ፦ «ሮማውያን በቡታጅራ»። ጭብጨባው ወዲያው ተነሣ።

ሮማውያን መንገድ እንዴት ይሠሩ እንደነበር፣ የጠፋውም በሣር ቀለም እንዴት እንደሚገኝ ተናገረች። ይሄ ቀላሉ ነው። ከዚያ ትንፋሿን ሳበች።

«እኛም በዚሁ ዘዴ መንገድ አግኝተናል። መንገዱን ግን ሮማውያን አልሠሩትም።»

ከኋላ አንዱ «ኤጭ!» አለ። ጉምጉምታው እንደ ማዕበል ወደ ፊት መጣ። የዳይሬክተሩ ግንባር ተቋጠረ። ፈቲሀ ለመቀጠል አፏን ስትከፍት ከጀርባዋ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማች። ዞራ አየች። ርዕሱ ጠፍቷል። በቦታው ረቡዕ ማታ በቴሌግራም ለኪዱ የላከችለት፣ እሱም መልስ ያልሰጠበት ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ ጭብጥ ጭብጥ የሚያክሉ፣ የተጠቀጠቁ ድንጋዮች። ኪዱ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሯል።

«የሠሩት የኛው ሰዎች ናቸው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እያንዳንዱ ቤት አሥር እርምጃ። ስማቸው ይኸው። የሸምሱ ቤት። የወልደአማኑኤል ቤት። የሙዘይን ቤት...»

«ሙዘይን?» ከመካከል አንዲት እናት ብድግ አሉ። «የባሌ አያት ናቸው እኮ!»

«የደግፌ ቤት።»

በር ላይ የቆሙት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የኔ አያት ነው» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ በኋላ ስም በተጠራ ቁጥር ከአንዱ ጥግ ሰው ይነሣል፤ ይሳቃል፣ ይጨበጨባል፣ አንዱ ሌላውን «እኛ ጎረቤት ነበርን ማለት ነው!» ይለዋል።

«የዘይባ ቤት» አለች ፈቲሀ። የሆነውን ሁሉ ተናገረችና ጠበቀች። ማንም አልተነሣም።

ሐጂ አብዱልሃፊዝ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። ቀጥሎ መምህር ይትባረክ ተነሣ፤ በዚያ መንደር አንድም ዘመድ የሌለው ሰው። ከዚያ የፊተኛው ረድፍ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሁሉም። ጭብጨባው ሲጀመር ፈቲሀ ወደ ኪዱ አየች። እሱም ቆሟል፤ ከማንም በላይ አጥብቆ ያጨበጭባል።

ሠላሳ አንዱን ስም አንብባ ስትጨርስ «ሠላሳ ሁለተኛውን ቤት ግን አላወቅነውም፤ አባባም አያስታውሱትም» ብላ ወረደች።

ከመድረኩ ገና ፈቀቅ ሳትል ሰው ከበባት። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት አቶ አምሀ ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ትልቅ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያላቸው፣ ትምህርት ቤቱንም በብዙ የሚረዱ ሰው። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ።

«ጎበዝ ልጅ! የጎደለው ስም የኛ ቤት ነው። አያቴ ተሰማ ይባላሉ፤ በዚያ ወገን መሬት ነበራቸው። በይ ጻፊው።»

«ጻፊላቸው እንጂ፣ ፈቲሀ!» አለ ዳይሬክተሩ ደስ ብሎት። ካሜራ የያዘው ሰውም ጠጋ አለ።

ፈቲሀ ደብተሯን ከፈተች። ከቁጥር ሠላሳ ሁለት ፊት ለፊት መስመሩ ባዶ ነው። ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል። አንድ ስም ለመጻፍ አንድ አፍታ ይበቃል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እስክሪብቶዋን አነሣች። ኪዱ አጠገቧ መጥቶ ቆሞ ነበር፤ ደብተሩን ሳይሆን እሷን ነው የሚያያት።

ዝቅ ብላ ኅዳጉ ላይ ጻፈች፦ «አቶ አምሀ። ይጠየቃል።»

«ስልክዎን ይሰጡኛል፣ ጋሼ?» አለች። «ቅዳሜ ከአባባ ጋር ሜዳው ላይ አብረን እናያለን። የሰሙትን ሁሉ ይነግሩኛል፤ ከዚያ እጽፈዋለሁ።»

አቶ አምሀ በእሺታ ራሳቸውን ነቅንቀው ቁጥሩን አንድ በአንድ ይጠሩላት ጀመር።

«ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» አለ ኪዱ።

«ሁለት ሰዓት ላይ» አለች ፈቲሀ፤ መስመሩን ባዶውን ትታ ደብተሩን ዘጋችው።